የጃኬቱ ጀርባ

ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ግንባር ማለት እሾህ የበዛበት አገር ይመስለኝ ነበር። ከራሴ ያመጣሁት አይደለም፤ እናቴ ናት የነገረችኝ። አንድ ቀን ከወታደር ሸሚዝ ላይ ጣቴን የሚያሾልክ ቀዳዳ አገኘሁና፣ "እማዬ፣ ይሄን ደግሞ ምን በላው?" ብዬ ጠየቅኳት። ስፒሎቹን በከንፈሯ እንደያዘች፣ ቀና ሳትል፣ "እሾህ" አለችኝ።

"ይሄን ሁሉ?"

"ወታደር በጫካ አይደል እንዴ የሚሄደው?"

አመንኩ። እናቱን ያላመነ ልጅ ማንን ያምናል?

ስፌት ቤታችን በዋናው መንገድ ዳር፣ በጫማ ጠጋኙና በመድኃኒት ቤቱ መካከል የተሰነቀረች አንዲት ክፍል ነበረች። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ ካውያ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚያንጠባጥብ ጣሪያ። ከጦርነቱ በፊት የተማሪ ልብስና የሙሽራ ሱፍ ይሰፋባት ነበር አሉ። እኔ ነፍስ ካወቅኩ ወዲህ የማስታውሰው ግን አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ የወታደር ልብስ ቀለም። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት የጦሩ ጭነት መኪና በራችን ላይ ይቆምና፣ ታጥቦ በረኪና በረኪና የሚሸት፣ እርጥበቱ ገና ያልለቀቀው የልብስ እስር ይወረወርልናል። የግምጃ ቤቱ ሃምሳ አለቃ ጣቱን በምላሱ እያራሰ አንድ በአንድ ይቆጥራል። "አርባ ሦስት ሰጠሁ።" እናቴ ትፈርማለች። በሳምንቱ ቀዳዳው ተደፍኖ፣ ካውያ ገብቶበት፣ ተጣጥፎ ይጠብቀዋል። "አርባ ሦስት ተቀበልኩ።" ከዚያ ለአዲስ ምልምሎች ይታደላል።

የኔ ሥራ ክር መምዘዝ ነበር። የልብሱን ቅምቅማት ፈትቼ ከራሱ ከልብሱ ክር እመዛለሁ፤ እናቴ በዚያ ክር ቀዳዳውን ትሸምነዋለች፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች እያሳለፈች፣ ቀዳዳው የነበረበት ቦታ ለራሷም እስኪጠፋት ድረስ። "የሚታይ ጥፍ ድህነት ነው፤ የማይታይ ጥፍ እጅ ነው" ትል ነበር። እኔም ቀስ በቀስ የቀዳዳ አዋቂ ሆንኩ። አንዳንዱ ሸሚዝ ከፊት ጠባብ፣ ከኋላ ሰፊ ቀዳዳ አለው። "ይሄኛው እሾህ በዚህ ገብቶ በዚህ ወጣ" እላለሁ ጮክ ብዬ። "ይሄኛው ደግሞ ከኋላ ነው የወጋው። ምን ሆኖ ነው ወደ ኋላ የሚሄደው?" ያኔ የሁለቱም መኪና ድምፅ ይቋረጥና ወዲያው ተሽቀዳድሞ ይቀጥላል።

ዛሬ ያ ልብስ ከማን ገላ ላይ እንደወለቀ አውቃለሁ። ሃምሳ አለቃው "ከሆስፒታል ነው፤ ልጆቹ አገግመው አዲስ ተሰጥቷቸው ነው" ሲል፣ እናቴም እንዳላመነችው አውቃለሁ። ግን በዚያ ሥራ ነበር የምናድረው፤ በምናድርበት ሥራ ላይ ጥያቄ አይበዛም።

በሁለተኛው መኪና ላይ የሚሠሩት ሽማግሌ ሜትራቸው ከአንገታቸው ስለማይወርድ ጋሼ ሜትር ይባሉ ነበር። ወሬያቸው እንደ ክራቸው አያልቅም። አንድ ጠዋት ስለ አማታቸው አንድ ነገር እያወሩ እናቴን በሳቅ ሲገድሏት፣ ካውያውን ሱሪ ላይ ረሱት። ጭሱ ሲነሳ ነው ያየነው። የካውያው ቅርጽ ቁልጭ ብሎ፣ ጥቁር፣ ጠርዙ የጠጠረ። ጨርቁ ናይለን የተቀላቀለበት ስለነበር ሲቃጠል እንደ ቅርፊት ይደርቃል። ሐሙስ ዕለት ሃምሳ አለቃው ሱሪውን ዘርግቶ አየና ድምፁን እንኳን ከፍ ሳያደርግ፣ "የጦሩን ንብረት ነው ያቃጠሉት። መኪናው ላይ ይውጡ" አላቸው። ጋሼ ሜትር የሚቀልድ መስሏቸው፣ "እኔን ስታቃጥለኝ የኖረችውን ሚስቴን ማን አሰረልኝና ነው!" አሉ። ማንም አልሳቀም። ወጡ። ከሁለት ቀን በኋላ ሲመለሱ ሜትሩ አንገታቸው ላይ አልነበረም፤ ወሬያቸውም ግማሽ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ እናቴ ትከሻዬን ይዛ፣ "ስሚኝ" አለችኝ። "እዚህ ቤት ሌላው ጥፋት ሁሉ ይታለፋል። የተቃጠለ ጨርቅ ግን አይታለፍም። የካውያ ነገር ካየሽ ለማንም ሳትናገሪ ለኔ ብቻ።" መድኃኒቱንም አሳየችኝ፤ የተቃጠለ ጠርዝ ክር አይዝምና መጀመሪያ በመቀስ ጫፍ ዙሪያውን ይነሳል፣ ከዚያ ነው የሚሸመነው።

አጎቴ የዘመተው በዚያው ሰሞን ነው። የእናቴ ታናሽ ነው፤ ከቁመቱና ከቅጥነቱ የተነሳ ሰፈሩ ሁሉ ሽቦ ይለው ነበር፤ እኔ ጋሼ ሽቦ እለው ነበር። የሰጡት ጃኬት እጅጌው ከአንጓው በላይ ቀረ። አያቴ አይታ፣ "ውይ ልጄን! ጨርቅ ካለቀባቸው ሰው ለምን ይጨምራሉ?" አለች። እሷ ከኛ ጋር ነበር የምትኖረው፤ ለዚህ ልጇ ስትል የማትናገረው አልነበረም።

"ተይ እማዬ፤ እጄን ወደ ላይ ሳነሳ እንዲያጥር አድርገው ነው የሰፉት" አላት እየሳቀ።

"ለምንድነው እጅህን ወደ ላይ የምታነሳው?"

"ለሰላምታ ነዋ!"

እናቴ አልሳቀችም። ጃኬቱን አስወልቃ ወሰደችና በሁለቱም እጅጌ ጫፍ ላይ አራት ጣት የሚሆን ሌላ ጨርቅ ቀጠለችበት። ቀለሙ በጥቂቱ ይደምቃል፣ ስፌቱ ግን የሷ ነው፤ ሰው የእጅ ጽሕፈቱን እንደሚያውቅ እሷም ስፌቷን ታውቃለች። የሄደ ዕለት ጎንበስ ብሎ ሲስመኝ በጆሮው፣ "ጋሼ፣ ጀርባህን ከእሾህ ጠብቅ" አልኩት። ቀና ብሎ እናቴን አያት። እናቴ ያልተፈታ ክር የምትፈታ መሰለች።

ደብዳቤው በአራተኛው ወር መጣ። ጫማው የሚያብረቀርቅ መኮንን ቆሞ አነበበው። "... በጥቃቱ ላይ ግንባር ቀደም ሆኖ ሲዋጋ፣ ደረቱን በጠላት ጥይት ተመትቶ፣ ያለ አንዳች ስቃይ፣ ወዲያውኑ..." የቀረውን በአያቴ ጩኸት አልሰማሁትም። በኋላ ግን ሰማሁት፤ መቶ ጊዜ ሰማሁት። አያቴ ማንበብ አትችልም። ደብዳቤውን መስተዋት ባለው ክፈፍ አድርጋ ከአልጋዋ በላይ ሰቀለችውና፣ የመጣ ሰው ሁሉ እንዲያነብላት ትጠይቃለች፤ ውኃ ቆጣሪ የሚያነበውን ሰውዬ ሳይቀር። "ደረቱን" የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርሱ እጇን ታነሳለች። "እዚህ ላይ ድገሙልኝ።" ይደግሙላታል። "ፊት ለፊት ነዋ። የኔ ልጅ ጀርባውን አልሰጠም።" ያችን ቃል ይዛ ትበላለች፣ ያችን ይዛ ትተኛለች። እኔ ደግሞ "ያለ ስቃይ" የምትለዋን ወድጃት ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የዳቦ ቤቱ ልጅ ከግንባር ተመለሰ። ከአጎቴ ጋር አብሮ ዘምቶ እግሩን ቆስሎ በምርኩዝ ነው የመጣው። አንድ ጠዋት ወደ ስፌት ቤት ገብቶ ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠ፤ ምርኩዙን የት እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ነበር።

"እትዬ፣ ደብዳቤው ምን ይላል?"

እናቴ በቃሏ ነገረችው። እስክትጨርስ ጠበቀ።

"ደረቱን?" አለ። "ደረቱን ማንም አልመታውም፣ እትዬ።"

እናቴ ወደኔ ዞረች። "ሂጂ ክር ገዝተሽ ነይ።"

"ክር አለ እኮ።"

"ሌላ ክር!"

ወጣሁና ከበሩ ኋላ ቆምኩ። የሰማሁት ቁርጥራጭ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ወደዚያ ሜዳ ግቡ እንደተባሉ። አጎቴ የያዘውን መሬት ላይ እንዳስቀመጠ። "በቃኝ፣ እኔ ወደ ቤቴ ነኝ" እንዳለ። መቶ አለቃው ከኋላው እንደተከተለው። "ክንድ አይርቅም ነበር፣ እትዬ። ጠላት እኮ ገና ከወንዙ ማዶ ነው።" ከዚያ የእናቴ ድምፅ፦

"ወንድሜ ፈሪ ነበር ነው የምትለኝ?"

"ፈሪ ነው አላልኩም። ደከመው ነው ያልኩት።"

"ውጣልኝ!"

ምርኩዙ በበሩ ላይ ሲያልፍ እግሬን ሊረግጠኝ ነበር። እኔ የተረዳሁት ይሄን ብቻ ነው፤ ይሄ ሰው አጎቴን ሰድቧል፣ እናቴንም አስለቅሷል። ጠላሁት። በሳምንቱ ከዳቦ ቤቱ፣ እጁ ዱቄት እንደሆነ፣ ወታደሮች ወሰዱት። ለኛ የነገረውን ለሌላም ሰው ነግሮ ኖሯል። "የጦሩን ሞራል የሚሰብር ሐሰተኛ ወሬ" አሉት ክሱን። ጋሼ ሜትር ሲነግሩን እናቴ ራሷን ነቀነቀች፤ "አፉ ነው ያመጣበት" አለች። እኔም በልቤ እሰይ አልኩ። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ሐሙስ መጣ። አርባ ሦስት ሰጠሁ፣ ፊርማ፣ መኪናው ሄደ። እናቴ እስሩን ፈትታ መደርደር ጀመረች። በመሃል እጇ ቆመ። አንድ ጃኬት ትከሻውን ይዛ ብድግ ስታደርገው እጅጌዎቹ ከሌሎቹ ሁሉ ረዝመው ወረዱ። ጫፋቸው ላይ አራት ጣት የሚሆን፣ በጥቂቱ የደመቀ ጨርቅ ነበረ።

ጋሼ ሜትር መኪናቸውን አቆሙ። "ምን ሆንሽ ልጄ?"

የጃኬቱን ፊት በመዳፏ ዳበሰችው፤ ደረቱን፣ ኪሱን፣ አዝራሮቹን። ደህና ነበር። ከዚያ ገለበጠችው። በትከሻዎቹ መካከል አንድ ቀዳዳ ነበረ። ጣቷን በጠርዙ ላይ አዞረችው፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው፣ እንደገና ጣቷን አዞረችው። ጀርባዋን ለኔ ሰጥታ ስለነበር ያየሁት ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ብቻ ነው።

"እኔ ይሄን ቀዳዳ መድፈን አልችልም፣ ጋሼ" አለች።

"ወዲህ በይው፤ እኔ..."

"ማንም አይነካውም!" ቀጥሎ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ያንን ልጅ አባረርኩት እኮ። እውነቱን ሊነግረኝ መጥቶ አባረርኩት።"

ወደ ቤት ስንሄድ ሙቀት ነበር፤ እሷ ግን ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ ነበር። ከሥሩ ጃኬቱን ለብሳዋለች። ለሐሙስ አርባ ሁለት ብቻ እንደቀረ ቆጥሬያለሁ።

በዚያ ሳምንት መንገድ ላይ የሚያልፈው መኪና ሁሉ የሃምሳ አለቃው ይመስለኝ ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት ሥራዋን ለጋሼ ሜትር ትታ የሆነ ቢሮ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ሁለቱ ይንሾካሾካሉ። "ረቡዕ ነው የሚያዩት" ትላለች። "ቀዳዳውን ራሳቸው ያዩታል።" ጋሼ ሜትር ግንባራቸውን ይዘው፣ "ከየት አመጣሽው ሲሉሽስ?" ይላሉ። "ይበሉኝ" ትላለች። ማታ ስንጸልይ ከንፈሯ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ምን እንደምትል ለመስማት ትንፋሼን ብይዝም አልሰማሁም።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ አያቴ ጎረቤት ሄዳ፣ እናቴም ቢሮዋ ሄዳ ቤት ብቻዬን ቀረሁ። የእናቴን ሳጥን ከፈትኩ። ጃኬቱ ከብርድ ልብሱ ሥር በትራስ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። መስኮቱ ዘንድ ወስጄ ጀርባውን ዘረጋሁት። ቀዳዳውን አየሁት። ጠርዙ ጥቁር ነበር። በጥፍሬ ነካሁት፤ ጠጥሯል። እንደ ቅርፊት ደርቋል። እሾህ አያቃጥልም። እኔ በምኖርበት ዓለም ጨርቅ የሚያቃጥል ነገር ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ካውያ።

አሁን ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። እናቴ ያኔ እጅጌውን ስትቀጥልበት የአጎቴን ጃኬት አቃጥላዋለች፤ ለዚህ ነው ያለቀሰችው፣ ለዚህ ነው የደበቀችው፣ ለዚህ ነው መድፈን ያቃታት፣ ለዚህ ነው ረቡዕ "ሊያዩት" ያሉት። ሐሙስ ሃምሳ አለቃው ቆጥሮ አርባ ሁለት ሲያገኝ፣ "መኪናው ላይ ይውጡ" ይላታል። ጋሼ ሜትር ከሁለት ቀን በኋላ ምን ሆነው እንደተመለሱ አይቻለሁ።

መርፌዋን አወጣሁ። እንዳስተማረችኝ መጀመሪያ በትንሿ መቀስ ጫፍ የተቃጠለውን ጠርዝ ዙሪያውን አነሳሁት፤ ንጹሕ ጨርቅ እስኪወጣ ድረስ። ጥቁሩን ፍርፋሪ በመዳፌ ሰብስቤ በመስኮቱ በተንኩት። ከዚያ ከቅምቅማቱ ክር መዘዝኩ። ከላይ፣ ከታች፣ ከላይ፣ ከታች። እጄ ላብ ሲያመጣ በቀሚሴ እጠርጋለሁ። መንገድ ላይ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መርፌውን አቆማለሁ። ሁለት ጊዜ አበላሽቼ ፈታሁት። ለሦስት ሰዓት ያህል ሳልነሳ ሠራሁ፤ ስጨርስ በውኃ የራሰ ጨርቅ አድርጌ በመዳፌ ተጫንኩት። ቀዳዳው የለም። በብርሃን ላይ አንስቼ ፈለግኩት፤ የለም። እናቴን ያቃታትን እኔ ሠራሁት። እንደነበረ ጠቅልዬ መለስኩት። ለሷ አልነገርኳትም። ራሷ ስታገኘው የሚሰማትን ደስታ ማየት ፈልጌ ነው።

ረቡዕ እኔንም ይዛኝ ሄደች፤ ትምህርት ቤታችን የምልምሎች ማደሪያ ሆኖ ተዘግቶ ነበር፤ አያቴም እንዳትሰማ ተብሏል። የዳቦ ቤቱ ልጅ ክስ የሚታየው በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ነው። አረንጓዴ ጨርቅ ከለበሰ ረጅም ጠረጴዛ ኋላ ሦስት መኮንኖች ተቀምጠዋል፤ መካከለኛው መነጽር አለው። የዳቦ ቤቱ ልጅ በአንድ ጎን በምርኩዙ ቆሟል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሃምሳ አለቃው ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እሱን ሳየው አግዳሚው ሥር መግባት አማረኝ።

እናቴ ስሟ ሲጠራ ተነሳች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፣ ግን አልተቆረጠም። "ይህ ልጅ የሚናገረው እውነት ነው። ወንድሜ ደረቱን አልተመታም። ጃኬቱ በእጄ ገብቷል፤ እኔ ራሴ የቀጠልኩት እጅጌ አለበት።" የትራሱን ልብስ ፈታችና ጃኬቱን አረንጓዴው ጨርቅ ላይ ዘረጋችው። "ደብዳቤው ደረቱን ይላል። ደረቱ ይኸውላችሁ፣ ደህና ነው።"

"ደብዳቤ" አለ ባለ መነጽሩ፣ በትሕትና፣ "እናትን ማጽናኛ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ይቀጥሉ።"

"ጀርባው ላይ ነው የተመታው። ከቅርብ ነው። ጠርዙ ተቃጥሏል።" ጃኬቱን ገለበጠችው። ጣቷ ወደ ቦታው ሄደ። ቆመ። ግራና ቀኝ ሄደ። ተመለሰ።

"የታለ?" አለ መኮንኑ።

እናቴ ዓይኗን ጨፍና በጣቶቿ ብቻ ፈለገችው። አገኘችው። ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር ዛሬም ስም ላወጣለት አልቻልኩም።

"ተደፍኗል" አለች።

"ማን ደፈነው?"

ጣቷን ከቦታው አላነሳችም። እኔ ግን መታገሥ አልቻልኩም፤ ብድግ ብዬ፣ "እኔ ነኝ! ትናንት ጨረስኩት!" አልኩ።

አንዳንድ ሰው ሳቀ። ባለ መነጽሩ በእጁ ጠራኝ። ሽቶ ሽቶ ይሸት ነበር። "ጎበዝ። ማንም አይቆጣሽም" አለኝ። "ቀዳዳውን ስታገኚው ዙሪያው ተቃጥሎ ነበር?"

እናቴ ጎንበስ አለችና ሁለት እጄን ያዘችኝ። "ንገሪያቸው፣ ልጄ። ምን አየሽ? ምን ቆረጥሽ? ያየሽውን ብቻ።"

ከትከሻዋ በላይ ሃምሳ አለቃው ይታየኝ ነበር። እስክርቢቶውን ከፍቷል። ለማንም ሳትናገሪ ለኔ ብቻ ብላኛለች። እሷን እንዳድናት ዓይኗ የሚለምነኝ መሰለኝ። መለመኗስ ትክክል ነው፤ የምትለምነኝን ነው ያላወቅኩት።

"አልተቃጠለም" አልኩ። "ንጹሕ ነበር።"

እጄን ለቀቀችኝ። የዳቦ ቤቱ ልጅ አንገቱን ደፋ። ባለ መነጽሩ፣ "ሕፃን አይዋሽም" ብሎ ጻፈ። ጃኬቱን ሃምሳ አለቃው መጥቶ አጣጥፎ ወሰደው፤ "አርባ ሦስት" አለ ለራሱ፣ ከልማዱ።

ሁለት ዓመት ፈረዱበት። ጨርሶ ወጣ፤ ዛሬም ዱቄት ያቦካል። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት፤ ጠረጴዛውን ይዤ፣ እያለቀስኩ። ሊጡን መጫን ሳያቆም ሰማኝና፣ "አንቺ አይደለሽም የፈረድሽብኝ" አለኝ። "ፍርዱ ከመምጣትሽ በፊት በታይፕ ተመትቶ ከባለ መነጽሩ እጅ ሥር ነበር። ቆሜ አንብቤዋለሁ።" ሊጡን ገልብጦ ደግሞ፣ "ጥፍሽ ግን ግሩም ነበር። ዓይኔ እስኪጠፋ ነው የፈለግኩት" አለና ሳቀ። ስለ ወረቀቱ የነገረኝ እውነት ይሁን፣ ወይስ እኔን ማጽናኛ፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ስጸልይ ስሙን ከልጆቼ ስም በፊት እጠራለሁ።

ያን ዕለት ከአዳራሹ ስንወጣ እናቴ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት የመንገዱ ጠርዝ ላይ ድንገት ተቀመጠች። ሰው ያየን ነበር።

"ለምን አልተቃጠለም አልሽ?"

"ካውያ ረስተሽበት ነው ብዬ ነዋ። እንዳይወስዱሽ ብዬ።"

አየችኝ። ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ክንዷ በትከሻዬ ላይ ዞሮ ወደ ጎኗ አስጠጋችኝ።

"ቀዳዳ ሁሉ እሾህ ነው ብዬሽ ነበር አይደል?"

"አዎ።"

"እሾህ አይደለም" አለች። እዚያው፣ መኪናው እያለፈ፣ ሰው እየረገጠን፣ እስከዚያ ቀን የሠራናቸው ቀዳዳዎች ምን እንደሆኑ ነገረችኝ። አንድም አልደበቀችኝም። እኔ የማስበው ስለ ቁጥሩ ነበር፤ አርባ ሦስት፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ስንት ሐሙስ።

ቤት ስንደርስ አያቴ ደጁ ላይ ወንበሯን አውጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። "የት ዋላችሁ? ሰው ሁሉ ጠፍቶ" አለች። "ነይ እስቲ ያንን ወረቀት አንብቢልኝ። ዛሬ ማንም አልመጣልኝም።"

እናቴ ገብታ ክፈፉን ከግድግዳው አወረደችው። ይዛው ወጣች፣ ከአያቴ ፊት ቆመች። አፏን ከፈተች፤ አላነበበችም። ክፈፉን መሬት ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጋ አስደገፈችው።

"እማዬ፣ ደረቱን አይደለም የተመታው።"

ተንበርክካ ነገረቻት። ሜዳውን፣ መሬት ላይ የተቀመጠውን መሣሪያ፣ ከኋላ የተከተለውን መቶ አለቃ። እኔ አያቴ እንድትጮህ ጠበቅኩ፤ ልጄን ፈሪ አላችሁት ብላ ሁለታችንንም እንድታባርረን። ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ አዳመጠች። አንዴም አላቋረጠችም።

"መሣሪያውን አስቀመጠ?" አለች በመጨረሻ።

"አዎ።"

"ወዴት ነበር የዞረው?"

"ወደ መንገዱ። ወደዚህ።"

አያቴ ቀና ብላ መንገዱን አየችው፤ ከሰፈራችን ወጥቶ ወደ ኮረብታው የሚሄደውን።

"ስንት እርምጃ መጣ?"

እናቴ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። "ዘጠኝ ይላል ልጁ። ዘጠኝ ወይም አሥር።"

አያቴ ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም።

"አሥር ይሁንለት" አለች።